ጾመኛዋ ጎረቤታችን ወተት ስትጠጣ

ቃጭል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ቅዳሴ ሳይሆን፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በስደት በኖርንባት በስማይርና ከተማ የነበረው አፓርትመንታችን ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ኡሻ የምትባል ህንዳዊት ትኖር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሺቫ ለሚሉት አምላካቸው ስትጸልይ ትንሽዬ ቃጭሏን ታቃጭል ነበር፣ እማዬም «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማንን ነው የምትጠራው?» እያለች ታማትብ ነበር።

እማዬ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥብ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምትቀበለኝ ኡሻ ነበረች። ቅጠሉ በሚረግፍበት ወራት ባሏ ልቡን ታሞ ከሥራ ቀረ፣ እሷም ስለ እሱ ተስላ ሰኞ ሰኞን ለሺቫ መጾም ጀመረች። ይህን ስነግራት እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም! «አላልኩሽም? ጾመኛ መሆኗ ፊቷ ያስታውቃል እኮ!» ብላ፣ ከዚያ ወዲያ «ሴትዮዋ» ማለቷን ትታ «እህቴ» ትላት ጀመር።

ክረምቱ አልፎ ዛፎቹ ሲያብቡ ሁዳዴ ገባ፣ የባልየውም የኦፕራሲዮን ቀን ተቆረጠ። እማዬ የሁለቱን ጾም መገጣጠም እንደ በጎ ምልክት ቆጥራ፣ አንድ ሰኞ ከሥራ እንደገባች ምስር ወጥና ሽሮ ቅቤ ጠብ ሳይልበት ሠርታ፣ በትሪ ይዛ፣ እኔን ለአስተርጓሚነት አስከትላ የኡሻን በር አንኳኳች። ኡሻ ከፈተችልን። ጉድ በሉ! እጇ ላይ አንድ ኩባያ ወተት አለ፣ ከኋላዋ ደግሞ ድንች በቅቤ ይጠበሳል።

እማዬ ክው ብላ ቀረች። «ጾም ላይ ነኝ አላለችሽም? በስመ ሥላሴ! ወተት?»

ኡሻም ምስሩን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «ምስር? በጾም ቀን? እህልና ጥራጥሬ እኮ ክልክል ነው! ይህን ከቀመስኩ ለባሌ የገባሁት ስለት ፈረሰ!»

እኔ መሃል ቆሜ የአንዷን ድንጋጤ ለሌላዋ ስተረጉም ሁለቱም ይበልጥ ደነገጡ። እማዬ ትሪዋን እንደያዘች ተመለሰችና ቤት ስንገባ «ሁለተኛ እዚያ ቤት ድርሽ እንዳትዪ!» አለችኝ። አለቀስኩ፤ ከኡሻ ሌላ ማን ነበረኝ?

ባልየው ኦፕራሲዮን የገባው በሚቀጥለው ሰኞ፣ እዚያው ሁዳዴ ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኡሻ ልብስ ልትወስድለት መጥታ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር። እማዬ ከሥራ ገብታ ነበርና በመስኮት አይታት በነጠላ ጫማዋ ሮጠችና ደግፋ እኛ ቤት አስገባቻት።

«ቁልፏን ተቀበያትና ወተቱን፣ ቅቤውን፣ ድንቹን ከቤቷ አምጪ» አለችኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እማዬ፣ ሁዳዴ እኮ ነው!»

«ሁዳዴው የኔ እንጂ የሷ ነው? ሂጂ!»

እናቴ፣ ያቺ በሁዳዴ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንኳ የማታስነካ ሴት፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ በጾም መጥበሻችን ድንች በቅቤ ጠበሰች። «እህል የለበትም በያት። ምስርም የለበትም። ስለትሽ አይፈርስም፣ እህቴ፣ ብይ በያት» እያለች ወተቱን ራሷ ይዛ አጠጣቻት። እኔ ድንጋጤዬ ሳይለቀኝ እተረጉማለሁ። ኡሻ ለሆስፒታሉ የሰጠችው የኛን ስልክ ኖሮ ማምሻውን ከዚያ ተደወለ፤ ባሏ ነቅቷል። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። መጥበሻውን ግን እስከ ፋሲካ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው።

ዛሬ ከስማይርና ብዙም በማትርቀው ዱሉዝ ከተማ የራሴ ቤት አለኝ፤ ጋራዡ በሪሞት ይከፈታል፣ ገብቼ እዘጋለሁ፣ ጎረቤቶቼም እንደዚያው። በቀደም ከጎኔ ካለው ቤት ደጃፍ አምቡላንስ ቆሞ አየሁና ደንግጬ ሮጥኩ፤ ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ስሟን አላውቀውም።