ከፎቶው የተቆረጠው ሳህን

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሶዶ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ፣ ወንድሜ አሮጌ ካሜራውን ተወልኝ። ፎቶ ፀሐይ ሲወጣ ነው የሚነሳው ብዬ ክረምቱ እስኪያልፍ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ያረመኝ ፊልም ልገዛ የገባሁበት ባለ ፎቶ ቤት ነው። «ደመና ሲሆን ፊት ላይ ጥላ አይወድቅም፤ ማንሳትስ አሁን ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የጨፈገገ ቀን እጠብቅ ጀመር። ሩቅ አልሄድኩም። ጭቃ ላይ የቀረ የጎማ ፈለግ፣ አጥር ላይ ተሰጥቶ አልደርቅ ያለ ነጠላ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠብ ውሃ አነሳሁ። ለዓመታት ሳላይ ያለፍኳቸው ነገሮች ናቸው።

ከሁሉ የወደድኩት የጎረቤቴን ፎቶ ነበር። የገሱባ ከተማ ልጅ ናት፤ በአጥራችን ክፍተት ሾልካ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን በካፊያ፣ በአንድ እጇ የእንሰት ቅጠል ራሷ ላይ ደፍታ፣ በሌላው ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅላ በሳህን ይዛልኝ መጣች። ካሜራውን ሳነሳ፣

«እትዬ፣ እንዲህ በስብሼ? ለሠርግ ስለብስ አታነሺኝም!» አለችና ሳህኑን ዘረጋችልኝ። በዚያው ጠብታ ዓይኗ ገብቶ ፊቷን አጨማደደችው። ያኔ ተጫንኩት።

ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ልሰጣት አሰብኩ። እርዳታ ድርጅት የምትሠራ ጓደኛዬ ፎቶውን አይታ፣ «ነጌቲቩን ስጪኝ፤ አዲስ አበባ በትልቁ አሳጥቤ ለበዓሉ አደርስልሻለሁ» አለች። አራት ዓመት በአንድ ዴስክ ተምረናል። ሰጠኋት።

ጊፋታ አለፈ። ፎቶውን ቀድማ ያየችው ጎረቤቴ ናት፤ ከገሱባ አውቶቡስ ስትወርድ፣ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ።

«እትዬ፣ እኔ አንቺ ቤት ሳህን ይዤ የምመጣው ልሰጥ ነው ወይስ ልለምን?» አለችኝ።

ሄጄ አየሁት። ሳህኑ ተቆርጦ ወጥቷል። የተዘረጋ ክንዷና የተጨማደደ ፊቷ ቀርቷል፤ ከሥሩ «ለተራቡት እንድረስላቸው» የሚል ተጽፏል።

ጓደኛዬ ቢሮ ሄድኩ። «ምን ነካሽ? ፊቷ አንጀት ይበላል፤ ለተቸገረ ሰው እኮ ነው» አለች።

«እሷ አልተራበችም።»

«ማን ያውቃታል?»

ነጌቲቩን ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ ነው።

ሙሉውን ፎቶ አሳጥቤ ለጎረቤቴ ወሰድኩላት። ትክ ብላ አየችው። «ቦይናው ይታያል» አለች። ከዚያ ፎቶውን መለሰችልኝ፤ «እኔማ የያዝኩትን አውቃለሁ። መናኸሪያ ለጥፊው።»

ሄጄ ነበር። ሰው ብዙ ነበር። ቦርሳዬን ሳልከፍት ተመለስኩ።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ትሾልክበት የነበረው የአጥር ክፍተት ላይ እንሰት ተከለችበት። ሲተከል ትንሽ ነበር፤ ጓሮዋ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ስትል አያት ነበር። በሦስተኛው ክረምት ቅጠሉ ሰፍቶ ሸፈናት።