በሩ ላይ ያለው ስልክ የኔ ነው

ቤት መግዛት የፈለገ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ «በሐምሌ ና» እለዋለሁ። ሁሉም ይስቃል። በሐምሌ ደሴ ላይ ማን ቤት ያያል? ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ይጠቀልለዋል፣ ገዥም ሻጭም እቤቱ ይከተታል፣ እኛ ደላሎች ደግሞ ሰኞ ገበያ ሻይ ቤት ተቀምጠን እርስ በርስ ስንተማማ እንውላለን። ቤት እውነቱን የሚናገረው ግን ያኔ ነው። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ የላይኛው ጎረቤት ውሃ በማን ግድግዳ ስር እንደሚያልፍ፣ መሬቱ ቆሞ ይሁን እየሄደ፣ ሁሉም በሐምሌ ይታያል። ኅዳር ሲገባ ሻጩ ግድግዳውን ያስለስናል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ስንጥቁ ላይ የቀን መቁጠሪያ ይሰቅላል። ገዥው ፀሐይ ሲወጣ ይመጣና «ቆንጆ ነው» ይላል። እኔም ኮሚሽኔን ስለምፈልግ «ቆንጆ ነው» እላለሁ።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ በር ነው። ሰው ቤት ሲያይ ጣሪያ ያያል፣ ወለል ያያል፣ ሳሎኑ ሶፋውን ይይዝ እንደሆነ በእርምጃ ይለካል። እኔ በሩን ነው የማየው። ደሴ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አንዳንዱ ሰፈር መሬቱ ይንሸራተታል። በአንድ ቀን አይደለም፣ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መሬቱ መሄድ ሲጀምር ቀድሞ የሚያውቀው የበሩ መቃን ነው። መቃኑ ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ባለቤቱ አናጢ ጠርቶ ጠርዙን በመላጊያ ያስፍቀዋል። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያስፍቀዋል። ስለዚህ ጠርዙ የተፋቀ በር ያለውን ቤት አትግዛ እላለሁ። ይህን ምክር የሰጠሁት ሰው ሁሉ አመስግኖኝ ይሄድና በኅዳር ይገዛል።

ከነዚህ በሮች አንዱ ነው እስካሁን ያልለቀቀኝ።

ወደዚያ በር ያደረሰችኝ የባለቤቲቱ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ላይ የምትሠራ፣ ከባሏ ተለያይታ ልጆቿን ይዛ አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖር ሴት ናት። በእረፍቷ ቀን በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ሰኞ ገበያ ድረስ መጣች። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ የቤት ደላላው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

ነኝ አልኳት።

«የእናቴን ቤት ይሽጡልኝ። ወላሂ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደሴ ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ነው ማሽኑ ላይ የምቆመው። ብቻዋን ናት፤ ቤቱ ሊወድቅባት ነው።»

«እናትሽ ይሸጥ ብለዋል?»

«እሱን እርስዎ ያሳምኗት። ደላላ አይደሉ?»

ሳቅኩ። ሰው ደላላ ማለት አሳማኝ ይመስለዋል። ደላላ ማለት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም።

ጥቅምት ላይ ሄጄ አየሁት። ቤቱ ከከተማው በላይኛው ጠርዝ፣ ባሕር ዛፎቹ ስር ነው። ገና ሳልገባ ዛፎቹን አይቼ ነገሩ ገባኝ፤ ግንዳቸው ከስሩ ወደ ቁልቁለቱ አዘንብሎ ጫፉ ላይ ቀና ብሏል። መሬቱ ገፋቸው፣ እነሱ ደግሞ ፀሐይ ፍለጋ ተቃኑ። በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት በር ነው። ጠርዙ ተፍቆ ተፍቆ ነጭ እንጨት ብቻ ቀርቷል፣ በእሱና በመቃኑ መሀል ከላይ በኩል እጅ ያስገባል።

«ቤቶች!» አልኩ።

«ግባ፣ ከፍ አድርገህ ግፋው» አለኝ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

እናትየው የዱአ መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰበሐቸውን፣ ይዘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ደቃቃ ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ምንም አያልፈውም። «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩ።

«ወዓለይኩም ሰላም። ልጄ የላከችህ ደላላ ነህ።»

«በምን አወቁ እናቴ?»

«ሰው ሲገባ እኔን ነው የሚያየኝ። አንተ በሩን አየህ።»

ተቀመጥኩ። ቤቱ እየሄደ መሆኑን ለመንገር ቃል እየመረጥኩ ሳለ እሳቸው ቀደሙኝ። «አውቃለሁ። በየሐምሌው አናጢ የማስጠራው እኔ ነኝ። እንዳልሸጥ የያዘኝ ሌላ ነው» አሉና ነገሩን አጫወቱኝ።

ወንድ ልጃቸው በባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ሄዷል። ሊሄድ ሲል በሩን ሰማያዊ የቀባው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሲሸሹ ስልካቸው ተወሰደ፣ የእህቱም እንዲሁ። የእናትየውም የልጅየዋም ሲም በሟች ባላቸው ስም የወጣ ስለነበር ያንኑ ቁጥር መልሶ ማውጣት አልተቻለም። ጎረቤቱም ግማሹ መሬቱን ፈርቶ ተነሥቷል። የእሱን ቁጥር ደግሞ በቃሉ የያዘ ሰው የለም።

«እንግዲህ» አሉ እናትየው፣ «እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን በር። ሽጬው ብሄድ ልጄ የማንን ቤት ያንኳኳል?»

ብዙ ሻጭ አይቻለሁ። ቤቴን አልሸጥም ያለ ሁሉ ዋጋ ሲጨመርለት ሲሸጥ ነው ያየሁት። እዚህ ግን የሚጨመር ነገር አልነበረኝም።

ያም ሆኖ ሥራዬ ነውና ገዥ አመጣሁ። በኅዳር፣ ከገራዶ፣ አንድ ባለ መኪና። ሰውየው ጅል አልነበረም፤ ዛፎቹንም በሩንም አየ። ቤቱን አፍርሶ ከታች ድጋፍ ግንብ ለማቆም አቅም ነበረውና መሬቱን ፈለገው። እንዲህ ያለ ገዥ በዚያ ሰፈር ሁለተኛ አይገኝም። ልጅየዋ ደስታዋን መያዝ አቃታት፤ ኮምቦልቻ ላይ ለእናቷ የሚሆን ቤት ማፈላለግ ጀመረች።

ቤቱ ግን የውርስ ነው። አባት ሲሞት ለእናትና ለሁለቱ ልጆች ቀርቷል። ወንዱ ልጅ ካልፈረመ ወይ ውክልና ካልላከ ሽያጭ የለም። የቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ልጁ ጠፍቷል ማስባል ብቻ ነበር። ይህን ለእናትየው ማስረዳት የኔ ዕጣ ሆነ። ልጅየዋ አጠገባቸው ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ማን ነው የጠፋው?» አሉኝ።

«ለወረቀቱ ያህል ነው እናቴ።»

«የሚጠፋ ከብት ነው። የኔ ልጅ መንገድ ላይ ነው።»

«እማ» አለች ልጅየዋ፣ «ስንት ክረምት ሙሉ መንገድ ላይ ይሆናል?»

እናትየው ሙሰበሐቸውን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። «እኔ ጠፋ ብዬ ከማልኩ በኋላ ለምን ብዬ ዱአ አደርጋለሁ? ተዝያም ለቅሶ ልቀመጥለታ! አንቺ ጠፋ ብለሽ ማይና ጨርሽው።»

ልጅየዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሴትዮዋ ግትር ሆነው አይደለም። ልጃቸውም ጨካኝ አይደለችም። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ ቤቱም እየሄደ ነበር።

የገራዶው ሰው እስከ ጥር ጠብቆ ሌላ ሰፈር ገዛ። ተናደድኩ፤ አልዋሽም፣ በእሳቸው ተናደድኩ። ንዴቴ ሲበርድ ሄጄ ማድረግ የሚቻለውን አሳየኋቸው። ቤት መጠበቅ ማለት ውሃ መጠበቅ ነው። ከጀርባ ቦይ አስቆፈርን፣ የላይኛውን ጎረቤት ለምነን የጣሪያውን ውሃ ወደ መንገድ አስመለስን፣ የግድግዳውን ስር ጠጠር ሞላንበት። «አሁን ይቆማል?» አሉኝ። «ኢንሻ አላህ» አልኩ። ሰው ኢንሻ አላህ የሚለው ሲያምን ብቻ አይደለም።

ነሐሴ ላይ ከቤቱ ጀርባ መሬቱ ተሰነጠቀ። ከቀበሌ መጥተው አዩና ይውጡ አሏቸው፤ አልወጣም አሉ። ልጅየዋ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። «ካልወጣች እኔም ልጆቼን ይዤ እዚያው ነው የምገባው፤ መሬቱ ይብላን አንድ ላይ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። እናትየው በካፊያው ውስጥ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ በሩ ከኋላቸው ገርበብ ብሏል፣ ያን ሰሞን ጭራሽ መዘጋት ትቷል።

«እናቴ፣ ይነሡ።»

«እኔ ወጥቼ ልጄ ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?»

አጠገባቸው ካፊያው ውስጥ ቆምኩ። እሳቸው ማዶ ማዶውን ያያሉ። ማዶ ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት ቤት አለ፤ ዛገ ያለ የቆርቆሮ በሩ ላይ በቀለም ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል።

«ያ ቁጥር የማን ነው?» አሉኝ።

«የሌላ ደላላ ነው።»

«ሰው መጥቶ ቤቱን ባዶ ሲያገኘው ወደዚያ ይደውላል?»

«ይደውላል።»

«ያንተ ስልክ ይቀየራል?»

«የደላላ ስልክ አይቀየርም እናቴ። እንጀራችን እሱ ነው።»

«እንግዲያ ጻፍልኝ።»

ወርጄ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ ተመለስኩ። ስንት በር ላይ ጽፌያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ቀስ ብዬ ግን ጽፌ አላውቅም። እሳቸው ጃንጥላ ይዘውልኝ ከአጠገቤ ቆሙ። «ይሸጣል ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ። ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ። ቀለሙ እስኪይዝ ድረስ ከበሩ ፈቀቅ አላሉም። ከዚያ በሩን መዘጋት እስከሚችለው ድረስ ገፍተው፣ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። መነኸሪያ አድርሼ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሰላም የለውም። በር ላይ ቁጥር ያየ ሁሉ ይደውላል። «የላይኛው ሰፈር ቤት ስንት ነው?» አይሸጥም እላለሁ። «ታዲያ ስልክህን ምን ልሁን ብለህ ጻፍክ?» ይሉኛል፤ አንዳንዱ ይሳደባል። የማላውቀው ቁጥር በጠራ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ አነሣለሁ። አንዴ ከሳዑዲ ተደወለ። ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ ስሙን ጠየቅኩት። ሌላ ሰው ነው፤ ለእናቱ ቤት ሊገዛ ፈልጎ ነው። ከዚያ ሰውዬ ጋር ስለ ካሬና ስለ ካርታ ሳወራ ድምፄ የማን እንደሆነ አላወቅኩትም።

እናትየው በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ በልጅየዋ ስልክ ይደውላሉ። የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው። «ደወለ?» ገና ነው እላለሁ። «በሩ ደህና ነው?» ደህና ነው እላለሁ። ለመልሱ ስል ኀሙስ ኀሙስ ዳገቱን ወጥቼ አየው ነበር።

በሚቀጥለው ሐምሌ ቤቱ ሄደ። ሰው አልነበረበትም፣ ድምፁንም የሰማ የለም። ስደርስ ግድግዳው ወደ ቁልቁለቱ ተኝቷል፣ ቆርቆሮው ተነሥቷል፣ አጣናው ለማገዶ ተለቅሟል። በሩ የለም። አሮጌ እንጨት የሚሸጡትን ሁሉ ዞርኩ፤ አላገኘሁትም። ለልጅየዋ ነገርኳት። «አይንገሯት ጋሼ» አለችኝ። «እዚህ እኔ ጋ ናት እንጂ፣ እስካሁን የቆመችው እዚያ በር ላይ ነው።»

በመስከረም መጨረሻ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። «በሩ ላይ ቁጥርዎን አይቼ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ይኖር ይሆን?» የቱ ሰፈር አልኳት። የነገረችኝ ሰፈር ከከተማው ታችኛው ጫፍ ነው፤ እኔ እዚያ የያዝኩት ቤት የለም። ወዲያው ባጃጅ ያዝኩ።

ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ነው። በሩ የሽንት ቤት በር ሆኗል። ሰማያዊው ቀለም እንዳለ ነው፣ ቀዩ ቁጥሬም እንዳለ ነው። አንድ ተከራይ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይዞ ገባና ከውስጥ ዘጋው። ሜዳ መሬት ላይ፣ በቀና መቃን ውስጥ፣ ያ በር ግጥም ብሎ ሲዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። የግቢውን ባለቤት ጠርቼ ልገዛው አሰብኩ። ገዝቼ የት ልተክለው? ደጃፉ የለ፣ መቃኑ የለ፣ መሬቱ ራሱ ወርዷል። ትቼው ወጣሁ። ያን ቀን ከሥራዬ ሁሉ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ሻይ ቤትም አልሄድኩ።

ዓርብ ደረሰና ስልኩ ጠራ።

«ደወለ?» አሉኝ።

«ገና ነው እናቴ።»

«በሩስ?»

«በሩ ደህና ነው።»

«ይዘጋል?»

«አዎ። አሁንስ ግጥም ብሎ ነው የሚዘጋው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከኋላቸው የልጅ ልጆቻቸው ይንጫጫሉ፤ ልጅየዋ ዝም በሉ ስትላቸው ይሰማል። «እንዳይቆለፍ ብቻ አደራ። በመጣ ጊዜ ገፋ አድርጎ ይግባ።»

«አብሽሩ እናቴ» አልኳቸው፣ «አይቆለፍም።»