እውነት ነው፣ ግን

ቡራዩ ባለው ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኮምፒውተር እንኳ አልተሰጠኝም። የክፍላችን ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት ነጭ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣሉና ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት አሰመሩ። እያንዳንዱ ክብ አንድ ክርክር ነው፣ ቀስቱ ደግሞ ምት ነው አሉኝ። ማንም ያልመታው ክርክር ይቆማል። በቆመ ክርክር የተመታ ይወድቃል። መቺው ራሱ ተመትቶ ከወደቀ፣ ቀድሞ የወደቀው ይነሣል። የቀረውን ፕሮግራሙ ያሰላዋል። ስንት ዓመት የተማርኩት በአንድ ሰሌዳ ሲያልቅ ትንሽ ከፋኝ።

ደንበኞቻችን ፋብሪካዎች ናቸው። ሠራተኛ ሲከሰስ የሁለቱን ወገን ቃል በቅጽ ሰብስበን ወደ ፕሮግራሙ እናስገባለን፤ እሱም የትኛው ክርክር እንደቆመ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ያሳውቃል። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ሁለት ሳጥን ነበረው፦ «እውነት ነው» እና «እውነት አይደለም»። ሱሉልታ ያለ አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ዓመት ሙሉ ሲጠቀምበት አንድም ቅሬታ አልመጣም። ይህንንም እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ከዚያ ሰበታ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጠራን። ከወላይታ የመጣ ማርቆስ የሚባል የሽመና ማሽን ሠራተኛ፣ ማሽኑን ትቶ በመሄዱ ጨርቅ ተበላሽቷል ተብሎ ተከሷል። ጥፋተኛ ከተባለ ይባረራል። ሚስቱ ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

ምስክሩ የፈረቃ ኃላፊው ኦቦ ቱሉ ናቸው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ኦቦ ቱሉ፣ ማርቆስ ማሽኑን ትቶ መሄዱን ተናገሩ። ማርቆስ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። «እውነት ነው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወጣ።

ፕሮግራሙ አፍታም አልፈጀበት። ክሱን የመታው ስለሌለ ክሱ ቆመ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በእኛ ፕሮግራም ግን ዝም ያለ ተሸናፊ ነው። ውጤቱን ለወይዘሮ ሰናይት ወሰድኩላቸው።

«መሄዱንስ አመነ» አሉ አንብበው ሲጨርሱ። «ለምን እንደሄደ ማን ጠየቀው?»

«ቅጹ ላይ የለም።»

«ቅጹን ማን ሠራው?»

አፈርኩ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በማግስቱ ከሰዓት ስለነበር፣ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሰበታ ሄድኩ።

ማርቆስን ፋብሪካው በር ላይ አገኘሁት። እስኪናገር ብዙ አስለመነኝ። የዚያን ዕለት ሌላ ማሽን ክር እየበጠሰ ሲያስቸግር፣ ወደዚያ የላኩት ራሳቸው ኦቦ ቱሉ ናቸው። ታዲያ ለምን አልተናገርክም አልኩት። ዘመዶቹ ሩቅ በመሆናቸው፣ ሚስቱን ሲያጭ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው እንደነበሩ ነገረኝ።

«አባቴ ናቸው» አለ። «ፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ የላኩኝ እርስዎ ነዎት ልበላቸው?»

ኦቦ ቱሉን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው።

«እኔ ነኝ የላክሁት፤ ተተኪም አላቆምኩም። ልጁ ያነሣዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ሲያልፈው እኔም አለፍኩት። ደግ አላደረግኩም።»

ቃላቸውን አስገባሁ። ማርቆስ ትቶ መሄዱ እንደ እውነት ቀረ፤ የተመታው መሄዱን ከጥፋት ጋር የሚያገናኘው «ትቶ ከሄደ አጥፍቷል» የሚለው ማያያዣ ነው። ማያያዣው ሲወድቅ ክሱም ወደቀ። ማርቆስ ወደ ማሽኑ ተመለሰ፣ ኦቦ ቱሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

እኔም ቅጹ ላይ «እውነት ነው፣ ግን» የሚል ሦስተኛ ሳጥን ጨመርኩ፤ ከሥሩ ባዶ መስመር አለው። ደስ ብሎኝ ለማርቆስ አሳየሁት። አገላብጦ አየና መለሰልኝ።

«ይሄ ቢኖርም አልሞላውም ነበር» አለኝ። «አጠገቤ ነበሩ እኮ።»

ከዚያ ወዲህ ቃል የምቀበለው ከእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ነው። አሁን አዲስ ገቢዎችን ሳሠለጥን የምላቸው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ የሚያመዛዝነው የተሰጠውን ብቻ ነው። መቺ ያጣ ክርክር ስታዩ፣ ሊመታው የሚችለው ሰው ማን ፊት ተቀምጦ እንደነበር ጠይቁ።