ፈቅጄ ያስጎተትኩት ሚኒባስ

ከድር፣ ከመቱ ጎሬ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር፣ ጎረቤቴ። እትዬ አስቴር፣ የመንደራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ። ሰላም፣ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጄ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ አልተናገርኩም።

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ ደንብ አጻጻፍን ከአሮጌ የፍርድ ቤት ወረቀቶች በራሴ ነው የተማርኩት። ስለዚህም እኮራበት ነበር። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «በነጭ ድንጋዮቹ መካከል ያለው ቦታ ለዕድር ድንኳን የተተወ ነው፤ ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ መኪና ያሳደረ ይጎተትበታል።»

አንድ ክረምት ከድር ደጅ ያለው የቦይ ድልድይ ተሰበረና ሚኒባሱን ግቢው ማስገባት አቃተው። ቤቴ መጣ። ድልድዩን እስኪያሠራ ድረስ ድንጋዮቹ መካከል እንዲያሳድር ጠየቀኝ። ፈቀድኩለት። እኔው ራሴ ፈቀድኩለት። ሰላም በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

በሳምንቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ከድር አክስቱ ሞተውበት ኡካ ከተማ ለቅሶ ሄዷል፤ ቁልፉም ከእሱ ጋር ነው። ሚኒባሱ በመስኮት ይታየናል። እትዬ አስቴር ተነሡ። ከወር በፊት የልጃቸውን ባጃጅ ከዚያው ቦታ አስነሥቼባቸው ነበር።

«ጋሼ መኮንን፣ ይኼ ደንብዎ የሚያየው ባጃጅ ብቻ ነው እንዴ? ሚኒባስ ሲሆን ዓይኑን ይጨፍናል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ወይስ ፈቅደውለት ነው?»

«አዎ» ማለት ምን ይጎዳኝ ነበር? ፈቃድ የመስጠት መብቱን ደንቡ ራሱ ሰጥቶኛል። ሳቁ ግን ጆሮዬ ላይ ነበር። ያዳላል እንዳልባል ፈራሁ። «አልፈቀድኩም» አልኩ። ይጎተት ተባለ፤ እጅ ሲወጣ የእኔም ወጣ።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር፤ ቦታው ትንሽ ዳገት ነው። የእኛ አገር ሾፌር ዳገት ላይ ሲያቆም ማርሽ ያስገባል፣ ጎማው ሥርም ድንጋይ ያደርጋል። ድንጋዩን አነሣነው፤ ማርሹን ግን ያለ ቁልፍ ማን ይንካው? የተከራየነው አይሱዙ በገመድ ሲጎትተው ከሥሩ የወጣውን የብረት ጩኸት ሰማሁ። «ቁም!» አላልኩም። ካምቢዮው ተሰበረ።

ከድር ሲመለስ በሰው ፊት ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ አሳድር ያሉኝ?»

«እኔ አላልኩም።»

ሰላም እዚያው ነበረች። አየኋት፤ አንገቷን ደፋች። እትዬ አስቴር ደግሞ እንዲያ ሲያፌዙብኝ ከርመው ለእኔ ቆሙ። «ወንድሜ፣ ጋሼ መኮንን ይጨክናሉ እንጂ አይዋሹም» አሉት። ለዚህ ቃል ስል ነው የዋሸሁት። ያኔም መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

መኪናውን ለመውሰድ መቀጫ መክፈልና መፈረም ነበረበት። ቃሉን ያጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ያለ ፈቃድ አቁሜያለሁ።» ከድር ብዕሩን እንደያዘ ረጅም ጊዜ አየኝ። «ረቢቱ ቤካ» አለ፤ ፈጣሪ ያውቃል ማለቱ ነው። ከዚያ ፈረመ።

ልጆቼን ስለ ውሸት ገርፌአለሁ። ሰላምን ራሷን ስለ አንዲት እርሳስ ስለ ዋሸች አንበርክኬአታለሁ። ታዲያ እኔን ማን ያንበርክከኝ? ክብሬን ልጠብቅ ብዬ ነው ልበል? ክብር ያልኩት የሰው ሳቅ መፍራቴን ነው። አንድ ጊዜ ጎሬ ድረስ ሄጄ፣ ከድርን መናኸሪያው ውስጥ በሩቅ አይቼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ የሚጠየቀው የተዋሸበት ሰው ፊት ቆሞ ነው፤ እኔ ገና አልቆምኩም።

ድምሩ ይኸው። ከድር ካምቢዮውን ማሠሪያ አጥቶ ሚኒባሱን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጠና ጎሬ ገባ፤ ዛሬም የሚነዳው የሰው መኪና ነው። እትዬ አስቴር እውነተኛውን ሰው ውሸታም ማድረጋቸውን ሳያውቁ ሞቱ። ሰላም ታከብረኛለች፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ «አባዬ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ማኅበሩ መቀጫውን አገኘ። በእሱም አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ገዛንና ድንጋዮቹን ቀባንበት።