የእናቴ ድድ በስክሪን ላይ

የፊት ጥርሶቿ ሦስቱ ከወለቁ ወዲህ እናቴ ሥጋ ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጥርስ እናሠራ ባልኳት ቁጥር «ያንን ሊጥ አፌ ውስጥ እንዳይጠቀጥቁብኝ» ትለኛለች። ከዓመታት በፊት ልክ ለመውሰድ ብለው በሳህን የሞሉባት ነገር ሊያስመልሳት ደርሶ ነበር፤ አልረሳችውም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ጎዳና እጥፍ ብሎ ያለው ክሊኒክ ሊጡን ትቶ በስካነር ይለካል ሲሉኝ ቀጠሮውን ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ይልቅ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ማሽን ሲሠራ ማየት እወዳለሁ።

ከአውቶቡስ ወርደን፣ ጎዳናው ላይ ያለውን የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ግንብ ይዘን በእግር ሄድን። እናቴ ሦስት ጊዜ ቆማ እንመለስ አለችኝ።

ስካነሩ ከእጅ ባትሪ ብዙም አይበልጥም። ሐኪሟ ጫፉን ጥርሶቿ ላይ ቀስ እያደረገች ስታሳልፈው፣ ስክሪኑ ላይ አፍ ከምንም ተነስቶ መሠራት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ መንጋጋ፣ ከዚያ ጎረቤቱ። ስካነሩ ያላየው ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሳ ስታልፍበት ይደፈናል።

«እንዴት ነው የሚያገጣጥመው?» አልኳት። ብዙ ምስል እያነሳ፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘ ነው አለችኝ። «ምላሷ ቢገባበትስ?» ለይቶ ይጥለዋል አለች። አንገቴን አስግጌ ብርሃኑን ስጋርድባት በጣቷ ወንበር አሳየችኝ።

ከዚያ ድዱ መጣ፤ ጥቁር ሰማያዊ። እናቴ ጎንደር ገጠር ልጃገረድ ሳለች እንደ እኩዮቿ ተነቅሳዋለች፤ በእሾህና በጥላሸት፣ ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ እንዲህ ተጠግቼ አላየሁትም ነበር። እሾህ የገባበት ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይታያል።

ሐኪሟ ግን ስካነሩን አወጣችና «በሽታ ነው?» አለችኝ በዕብራይስጥ። ንቅሳት መሆኑን ስነግራት እፎይ አለች። ከአዲሶቹ ጥርሶች ጋር ሮዝ ድድ አብሮ ሊሠራ እንደሚችል፣ የፊቱንም ንቅሳት እንደሚሸፍነው አስረዳችኝ። ከተተከለ እንግዲህ አይወልቅም። «ትፈልጋለች?»

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የእናቴ አፍ እኔ ነኝ፤ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም። የሚሉንን አንዳንዱን አሳጥራለሁ፣ አንዳንዱን እዘላለሁ። እዚህ አገር ያደግን የእኛ ሰፈር ልጆች ሁላችንም እንዲያ ነን። እናቴ አፏን ከፍታ እያየችኝ ነበር፤ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር።

«አዎ፣ ትፈልጋለች» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ሐኪሟ ሦስቱን ጥርሶች ስክሪኑ ላይ ሠርታ ወደ እናቴ አዞረችው። እናቴ መነጽሯን አደረገች።

«ጥርሱስ አማረ። ድዴን የት አደረሱት?»

ለአፍታ በማሽኑ ላላክክ አሰብኩ። ቀለም አይለይም ብላት ማን ይመሰክርብኛል? አልቻልኩም።

«ይሸፈን ያልኩ እኔ ነኝ። እንዲያምርብሽ ብዬ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«አፍሽ ተከፍቶ ነበር እኮ።» ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ይህን ስነቀስ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስኩም። እንባም አልወጣኝ። እኔ አምሮብኛል፤ የምታፍሪው አንቺ ነሽ። ትምህርት ቤት ስመጣም ‹እማዬ፣ አትሳቂ› ትይኝ ነበር።»

እላት ነበር። የረሳችው መስሎኝ ነበር። ፊቴ ጋለ፤ አፈርኩ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ።

«ምን አለች?» አለችኝ ሐኪሟ። ልመልስላት ስል እናቴ እጇን አነሳች።

«አንቺ ውጪ ጠብቂኝ። እኔው እነግራታለሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ የምታውቃት ዕብራይስጥ ከገበያና ከአውቶቡስ የለቃቀመቻት ናት። «ቫሮድ፣ ሎ» ስትል ሰማኋት፤ ሮዝ አይሆንም ማለቷ ነው። ከዚያ ቃል ጠፋት። ልገባ እጄን በሩ ላይ አሳረፍኩ።

«ዜ ሼሊ» አለች። ይህ የኔ ነው።

ሐኪሟ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም።