ውሃ የጠማው ዛጎል

ዛሬ ባንክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከእግሬ ሥር፣ የወለሉ ድንጋይ ውስጥ፣ የዛጎል ቅርጽ አየሁና ክው አልኩ።

አርባ ምንጭ ሳለን፣ አስተማሪው አባቴ ከዓባይ በረሃ ያመጣው ድንጋይ የሆነ ዛጎል መስኮታችን ላይ ይቀመጥ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ወባ ይዞት፣ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎት ሲንቀጠቀጥ፣ ሊጠይቁን የመጡት ከገረሴ ደጋ የወረዱት ሽማግሌ ጎረቤታችን ዛጎሉን አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«መምህር፣ ይሄ የውሃ ልጅ ነው። ከባሕሩ ለይታችሁ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁት ልጃችሁ እንዴት አይንደድ? ውሃ አጠጡት።»

«አባባ፣ ባሕሩ እኮ ከደረቀ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል!» አለ አባቴ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ጠምቶታል።»

እናቴ በጣሳ ውሃ አመጣች። አባቴ ጣሳውን ሊደፋው ተነሣ። የወንድሜ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማና ቆመ። ከዚያ ዛጎሉን ራሱ አንሥቶ ውሃው ውስጥ ከተተው።

የባንኩ ጥበቃ ዞር ሲልልኝ ከያዝኩት ውሃ ወለሉ ውስጥ ላለው ዛጎል ጠብ አደረግኩለት።