ለሙሽሮቹ በር የተገዛው ብረት

ካሳዬን ሰው ሁሉ የሚያውቀው እዚህ ባሕር ማዶ፣ ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን ውስጥ፣ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ ሲነዳ ነው። እኔ ጎረቤቱ ስለሆንኩ ሌላውንም አውቃለሁ። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ዊኬንድ ዊኬንድ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በሚዘጋጅ ትርዒት ላይ ብረት ይቀጠቅጣል። ትርዒቱ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን መንደር ያስመስላል፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሸማኔው፣ መነኩሴው፣ ባላባቱ ሁሉም አለ። ሰዉ ትኬት ቆርጦ ገበሬ ሊሆን ይመጣል። እሱ እንኳን አይገባኝም፣ ይሁን።

ካሳዬ የቆዳ ሽርጡን ታጥቆ፣ ወናፉን እየነፋ የፈረስ ጫማ ሲሠራ ሕዝቡ ከቦ ያየዋል። የትርዒቱ ኃላፊ፣ "በዚያ ዘመን ያለ ቀጥቃጭ መንደር የለም፤ የገበሬው ማረሻም የባላባቱ ሰይፍም ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው" እያለ ለጎብኚው ያስረዳል። ካሳዬ ይሄን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። አባቱ አገር ቤት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ሰውም ቡዳ ይላቸው ነበር። የሠሩትን ማረሻ ይወስዳል፣ እሳቸውን ግን ቤቱ አያስገባም።

ካሳዬ ፋና የምትባል ነርስ ልጅ አለችው። ያሬድ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደው፣ እሁድ ሽማግሌ ሊላክ ተቆርጦ ነበር። የያሬድ እናት አሰፋሽ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ እሷንና የልጅ ልጇን አይዳን ይዤ ወደ ትርዒቱ ድራይቭ ያደረግሁት እኔው ነኝ። አማቾቹ ቀደም ብለው ይተዋወቁ ብዬ ነው እንግዲህ፤ ለእሷ ግን ድንገት ይሁንባት ብዬ አልነገርኳትም።

አሰፋሽ ከሽያጭ ጠረጴዛው ላይ አንድ የፈረስ ጫማ አነሳች። ሻጯ፣ "ያኔ ሰዎች ክፉ ዓይን እንዳይገባ በራቸው ላይ ይቸነክሩት ነበር" ብላ ሳቀች። አሰፋሽ አልሳቀችም። "ለሙሽሮቹ በር ይሆናል" ብላ ገዛችው። ከዚያ ወደ እሳቱ ቀረብ ብላ አይዳን ከቀጥቃጩ ጋር ፎቶ አንሺልኝ አለችኝ። በጥላሸቱና በባርኔጣው ምክንያት የአገሬው ሰው መስሏታል።

ካሳዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። "እትዬ አሰፋሽ፣ እንኳን ደህና መጡ። የፋና አባት ነኝ። ይሄ የአባቴ ሙያ ነው።"

አሰፋሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ የአይዳን ፊት ሸፈነች። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሕፃኗ አይታየኝም ልቀቂኝ እያለች። በሌላ እጇ ደግሞ ያንን ብረት በፌስታል ይዛለች። አሁንም ሳወራው ደሜ ይፈላል። ብረቱ ከቡዳ ይጠብቃል፣ የሠራው ሰው ግን ራሱ ቡዳ ነው? ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ? ነጭ ቢሆን ኖሮ ፎቶውን ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ትለጥፈው ነበር። መኪና ውስጥ ይሄንኑ ነገርኳት። "አንቺ አታውቂም፣ ዘር ነው" አለችኝ።

እሁድ ሽማግሌ አልመጣም። "ትንሽ ይቆይ" ተብሎ ተደወለ። ፋና ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ቡዳ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አስረዳኋት፤ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። ስናገረው አፌን መረረኝ። እሷ ግን ያሬድ እንደ እናቱ አይደለም፣ ታዪዋለሽ አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፋና ጋር ካሳዬ ወደሚቀጠቅጥበት ትርዒት ሄድን። ያሬድ ብቻውን መጣ። ፋና ሳቅ ብላ ተነሳች። እጁ ላይ ያ ፌስታል አለ።

"እማዬ ቤት ውስጥ አልፈልገውም ስላለች ነው" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ካሳዬ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ያሬድ እጁ ላይ አላስቀመጠለትም። ፌስታሉን መሬት ላይ አድርጎ ወደ ኋላው ፈቀቅ አለ።

ፋና አየችው። ፌስታሉን አንስታ፣ ብረቱን አውጥታ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። እኛ በአማርኛ ስናወራት ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፣ ያን ቀን ያሬድ እየሰማ፣ "አባዬ፣ ወናፉን እኔ ልንፋው" አለች።